ዘር ከልጓም ይስባል፦ ጋፒና ኤንድለር በአንድ ገንዳ

ሳሎን ውስጥ አኳሪየም ያለው ቤት አንድ ቀን ያልጠበቀው እንግዳ ይመጣበታል። ልጆች ጠዋት ለዓሦቹ ምግብ ሊበትኑ ሲጠጉ፣ ከዕፅዋቱ ሥር ከሁለት ጥቁር ዓይኖች በቀር ምኗም የማይለይ፣ የሽፋሽፍት ፀጉር የምታህል ነገር ያያሉ። ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ጋፒዋ ወልዳለች።

አዎ፣ ወልዳለች። ጋፒ እንደ ብዙዎቹ ዓሦች እንቁላል ጥላ አትሄድም፤ እንቁላሎቹ ሆዷ ውስጥ አድገው፣ ጫጩቶቹ ከተወለዱባት ደቂቃ ጀምሮ ራሳቸው ይዋኛሉ። ኤንድለር፣ ሞሊ፣ ፕላቲ እና ሶርድቴይል የሚባሉት ዓሦችም እንዲሁ ናቸው። አምስቱም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ ለጀማሪ ቤተሰብ በብዛት የሚመከሩትም እነዚሁ ናቸው። አይከብዱም፣ ያምራሉ፣ ደግሞም ይወልዳሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የልጆች ጥያቄ ነው፤ «አባታቸው የትኛው ነው?» ገንዳው ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ከሆነ መልሱ አያስቸግርም። ጋፒና ኤንድለር አብረው ካሉ ግን ነገሩ ይለያል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ከተቀላቀለ ገንዳ የተወለደ ዓሣም ስለ አባቱ ሲጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለውም።

ዓሦችን ማዳቀል በራሱ ነውር የለበትም። በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ውብ ዓሦች የመዳቀል ውጤቶች ናቸው። ሆኖም የተቀላቀለ ዘር ተመልሶ አይለይም። ስለዚህ ውሳኔው መደረግ ያለበት ዓሦቹ አንድ ገንዳ ከመግባታቸው በፊት ነው።

ሁለቱ ዘመዳሞች

ጋፒ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍና የአቅራቢያው ደሴቶች ተወላጅ ናት። ጀርመናዊው ዊልሄልም ፒተርስ በ1859 ከቬኔዙዌላ በተገኙ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ዛሬ የምትታወቅበትን ሳይንሳዊ ስም ሰጣት፦ ፖይሲሊያ ሬቲኩላታ። «ጋፒ» የሚለው የቤት ስሟ ግን የመጣው ከሰው ነው። የትሪኒዳድ ነዋሪ የነበረው ሮበርት ጆን ሌችሜር ጋፒ ናሙናዎችን ለለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ልኮ ነበር፤ የሙዚየሙ ባለሙያ አልበርት ጉንተርም በ1866 ዓሣዋን በእርሱ ስም ሰየማት። ሳይንሳዊው ስያሜ ኋላ ቢቀርም ሕዝቡ ግን «ጋፒ» እንዳላት ቀረ።

የኤንድለር ታሪክ ከዚህ ይለያል። ፍራንክሊን ቦንድ የተባለ ሰው በ1937 በቬኔዙዌላ ኩማና ከተማ አጠገብ ካለው ላጉና ዴ ፓቶስ ከተባለ ሐይቅ ናሙናዎች ሰበሰበ፤ ከዚያ በኋላ ዓሣዋ ለረጅም ጊዜ ተረሳች። በ1975 የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ጆን ኤንድለር እዚያው ቦታ ድጋሚ አገኛት። ሐይቁ በዚያን ጊዜ የከተማ ቆሻሻ መጣያ የሚዋሰነው ስለነበር የዓሣዋ መጨረሻ ያሳስብ ነበር። ከተሰበሰቡት የተወሰኑት በኒው ዮርክ ለነበረው ለክላውስ ካልማን ደረሱ። ከእርሱ ዘንድም ወደ አውሮፓ ዓሣ አርቢዎች ተሻገሩ፤ አርቢዎቹም «የኤንድለር ዓሣ» አሏት።

ወንዱ ኤንድለር ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ትንሽ ሰውነቱ ላይ ብርቱካናማ፣ ጥቁርና እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ቀለም ተሰብስቦበታል። የኤንድለር ሴት ግን ለዓይን ከጋፒ ሴት እምብዛም አትለይም፤ ሁለቱም ግራጫ ወይም ወርቃማ ናቸው። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ኤንድለር የራሷ ዝርያ ሆና የተመዘገበችው በ2005 ሲሆን ስሟ ፖይሲሊያ ዊንጌይ ተባለ። ያም ሆኖ ከጋፒ በበቂ ሁኔታ የተለየች ዝርያ ናት ወይስ የጋፒ አንድ ወገን ብቻ የሚለው ክርክር በባለሙያዎች መካከል አልተቋጨም። ለአርቢው ግን የሁለቱ ቅርበት በተግባር የሚታይ ነገር ነው፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ ይዋለዳሉ።

እንደ በቅሎ ያልሆነ ዲቃላ

ዲቃላ ሲባል ለእኛ ቶሎ የምትታወሰን በቅሎ ናት። አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ፤ ብርቱ ናት፣ ነገር ግን አትወልድም። ስለዚህ የበቅሎ ነገር በራሷ ያበቃል። የጋፒና የኤንድለር ልጆች ግን መካን አይደሉም። እነርሱም ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዳው ሙሉ በሙሉ የዲቃላ ይሆናል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን «የሚያማምሩ ትናንሽ ዓሦች» ናቸው።

ወንዶቹ ዕረፍት የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ክንፋቸውን ዘርግተው ሴቶቹ ፊት ይሽከረከራሉ፤ የእኔ ዝርያ ናት፣ አይደለችም ብለውም ብዙ አይመርጡም። ሴቶቹ በበኩላቸው ደማቅ ቀለም ያለውንና ለዓይናቸው አዲስ የሆነውን ወንድ ይመርጣሉ። የወንዱ የሆድ ሥር ክንፍ ወደ ቀጭን ዘንግ የተለወጠ ሲሆን፣ ዘሩን በሴቷ ሰውነት ውስጥ የሚያስቀምጠው በእርሱ ነው።

አብዛኛው ሰው የማያውቀው ቀጣዩን ነው። ሴቷ የተቀበለችውን የወንድ ዘር ለበርካታ ወራት በሰውነቷ ታስቀምጣለች። ለብቻዋ ገንዳ ቢያዛውሯት እንኳ ወንድ ሳታይ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ልትወልድ ትችላለች። ከሱቅ የሚገዟት ያደገች ሴትም ከማን ጋር እንደነበረች አይታወቅም። እርስዎ ንጹሕ የኤንድለር ወንድ ገዝተው ቢያገናኟትም፣ የሚወለዱት ጫጩቶች የሱቁ ጋፒ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ቁርጥ አባቱን

እነዚህ ዓሦች በሳይንስ ታሪክ ውስጥም ቦታ አላቸው። በ1920 የዴንማርኩ ተመራማሪ ዮሐንስ ሽሚት በአንዳንድ ወንድ ጋፒዎች ጀርባ ክንፍ ላይ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ከአባት ወደ ወንድ ልጆች ብቻ እንደሚተላለፍ አሳየ። የአገሩ ልጅ ኦይቪንድ ዊንጌ ጥናቱን ቀጠለበት፤ ብዙዎቹ የወንድ ጋፒ ቀለሞች ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ በሚወርደው ዋይ ክሮሞዞም ላይ እንደሚጓዙም አረጋገጠ። ኤንድለር በ2005 «ዊንጌይ» የሚል ስም ያገኘችው ለእርሱ መታሰቢያ ነው።

በቤትዎ ገንዳ ይህ ማለት የሚከተለውን ነው። የኤንድለር ወንድ ከጋፒ ሴት ጋር ቢገናኝ፣ ወንዶቹ ልጆች ብዙውን ጊዜ የአባታቸውን የቀለም ንድፍ ይዘው ይወጣሉ። ሰውነታቸው ትንሽ ተለቅ፣ ጭራቸው ትንሽ ሰፋ ሊል ይችላል እንጂ ለዓይን ቁርጥ አባታቸውን ናቸው። ያየ ሰው «ኤንድለር ናቸው» ይላል። ግማሹ ደማቸው ግን የጋፒ ነው። ይህም በሁለተኛው ትውልድ፣ ወንድምና እህት ሲገናኙ፣ አደባባይ ይወጣል። አንዱ ረጅም ጭራ፣ ሌላው አጭር፤ አንዱ ባለ ሁለት ሰይፍ፣ ሌላው ጠቆር ያለ ሆኖ ይመጣል። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኸው ነው።

ለልጆች ይህ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል የበለጠ ትምህርት ነው። ዓሦቹ ቶሎ ስለሚያድጉ፣ በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ አያትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ሴቶቹ ቀለም ባያሳዩም ከእናትም ከአባትም የወረሱትን ደብቀው እንደሚያስተላልፉ፣ አያት ላይ የነበረ መልክ በልጅ ሳይታይ በልጅ ልጅ ብቅ እንደሚል ልጆች በዓይናቸው ያያሉ።

ምን ይጠፋል?

ኤንድለር በዱር የምትኖርበት አካባቢ በቬኔዙዌላ አንድ ጥግ የተወሰነ ነው። ከአገሩ ውጭ ያሉት ንጹሕ ዘሮች ደግሞ በሰው ቤት፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያሉት ናቸው። አንድ ጋፒ ወደ እነዚህ ገንዳዎች ከገባ ያ ዘር በጥቂት ትውልድ ይዋጣል። ከዚያ በኋላ የትኛዋ ሴት ንጹሕ፣ የትኛዋ ዲቃላ እንደሆነች በዓይን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ቀድሞም ሴቶቹ ይመሳሰሉ ነበርና።

በዚህ ምክንያት የኤንድለር አርቢዎች ዓሦቻቸውን በሦስት መደብ ይከፍላሉ። የመጀመሪያው «ኤን» ይባላል፤ ከዱር ከተሰበሰቡ ዓሦች የትውልድ ሐረጋቸው ሳይቋረጥ የሚቆጠርና ከሌላ ያልተቀላቀሉ ናቸው። «ፒ» የሚባሉት መልካቸው ኤንድለር ሆኖ የትውልድ ሐረጋቸው የማይታወቅ ናቸው። «ኬ» ደግሞ ዲቃላ መሆናቸው የታወቁት ናቸው። በመደቦቹ መካከል የውበት ማዕረግ የለም፤ እንዲያውም ከ«ኬ» ውስጥ እጅግ የሚያምሩ አሉ። መደቡ የሚናገረው ስለ ዓሣው አመጣጥ ምን ያህል እንደሚታወቅ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር የቆመው በመተማመን ላይ ነው። አንድ ሰው ዲቃላውን «ንጹሕ ኤንድለር ነው» ብሎ ለጎረቤት ቢሰጥ፣ ጎረቤትየው ከዓመታት በፊት ካገኛቸው ንጹሕ ዓሦች ጋር ያገናኘዋል። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በአንድ የተሳሳተ ቃል፣ ተጠብቆ የቆየ ዘር ይበላሻል።

ውበት ዋጋ ሲያስከፍል

ማዳቀል አንዳንዴ ከስም ያለፈ ጣጣ አለው። ፕላቲና ሶርድቴይል የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ወንዞች ልጆች ሲሆኑ፣ እነርሱም ፍሬያማ ዲቃላ ይወልዳሉ። የዱር ሶርድቴይል ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ በየሱቁ የሚታዩት ቀያይና ጥቋቁር ሶርድቴይሎች ለቀለማቸው የፕላቲ ደም ባለዕዳ ናቸው።

በ1920ዎቹ በአሜሪካ ማይረን ጎርደን፣ በጀርመን ደግሞ ኩርት ኮስዊግና ጌኦርግ ሆይስለር ጥቁር ነጠብጣብ ያለውን ፕላቲ ከሶርድቴይል ጋር አዳቀሉ። የተወለዱት ልጆች ጥቁራቸው ከወላጃቸው የበለጠ ሰፋ። እነዚህ ዲቃላዎች ተመልሰው ከንጹሕ ሶርድቴይል ጋር ሲገናኙ ደግሞ ከልጆቻቸው መካከል ሩብ ያህሉ ሜላኖማ የተባለ አደገኛ የቆዳ ካንሰር ያዛቸው።

ምክንያቱን እንዲህ ማስረዳት ይቻላል። ፕላቲው ጥቁሩን ቀለም ከሚያመጣው ዘረመል ጋር ሥራውን የሚገታ ሌላ ዘረመል አለው፤ አንዱ ነጂ፣ አንዱ ፍሬን ነው። ሶርድቴይል ሁለቱም የሉትም። በመጀመሪያው ትውልድ ፍሬኑ በግማሽ ይቀንሳል። ዲቃላው ወደ ሶርድቴይል ሲመለስ ደግሞ አንዳንዱ ልጅ ነጂውን ይወርስና ፍሬኑን ሳያገኝ ይቀራል። ለየብቻቸው ጤነኛ የነበሩ ሁለት ዘሮች ሲቀላቀሉ የተጠባበቀ ሚዛን ፈረሰ ማለት ነው። እነዚህ ዓሦች ለካንሰር ምርምር የሰጡት ጥቅም ትልቅ በመሆኑ፣ በጎርደን የተጀመረው የዘር ስብስብ ዛሬም በአሜሪካ ቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይጠበቃል።

ይህ ማለት ሱቅ ያለው ሶርድቴይል ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ጥቁር ነጠብጣብ ያለውን ፕላቲ ከሶርድቴይል ጋር አዳቅለው ልጆቹን ወደ ሶርድቴይል ለመመለስ ካሰቡ ግን ቢተዉት ይሻላል። በማንኛውም ዓሣዎ ላይ ጥቁሩ ከቆዳ ወጥቶ እንደ እብጠት ካደገም ያንን ዓሣ ለመራቢያ አያስቀምጡት።

ማን ከማን ይዋለዳል?

ጋፒና ኤንድለር፣ እንዲሁም ፕላቲና ሶርድቴይል በቀላሉ ይዋለዳሉ። የሞሊ ዓይነቶችም እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ጋፒ ከሞሊ ጋር አልፎ አልፎ ይወልዳል፤ ልጆቹ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ በቅሎ መካን ናቸው። ጋፒ ከፕላቲ ወይም ከሶርድቴይል ጋር አይዋለድም። ስለዚህ ቀለም የበዛበት ገንዳ እየፈለጉ መቀላቀልን የማይፈልጉ ቤተሰቦች ጋፒን ከፕላቲ ጋር ማኖር ይችላሉ።

ተፈጥሮ ራሷም ታዳቅላለች። በሜክሲኮና በቴክሳስ ወንዞች የሚገኘው «አማዞን ሞሊ» የተባለ ዓሣ በዱር የሁለት ሞሊ ዝርያዎች ዲቃላ ነው፤ ወንድ የሚባል የለውም። ሴቶቹ የሌላ ዝርያ ወንድ ያገናኛሉ፣ ነገር ግን የእርሱን ዘረመል ሳይወስዱ ራሳቸውን የመሰሉ ሴቶች ይወልዳሉ። ካርልና ላውራ ሀብስ ይህን በ1932 ሲያሳውቁ፣ አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል ሴት ብቻ የሆነ ዝርያ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር።

ለማዳቀል ከወሰኑ

ዋናውን ዘር ያስቀምጡ። ገበሬ የዘር እህሉን ሳይለይ ጎተራውን ሁሉ ወፍጮ አይሰድም። ከመጀመርዎ በፊት ያልተቀላቀሉትን ጋፒዎችና ኤንድለሮች ለየብቻ በራሳቸው ገንዳ ያቆዩ። ሦስት ገንዳ ከሌለዎት ማዳቀሉን ያዘግዩት።

ወንድ ካልነካት ሴት ይጀምሩ። ጫጩቶች ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ይታዩ። በሴቷ ሆድ መጨረሻ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ በወንዱ የሆድ ሥር ክንፍ ደግሞ መቅጠን ይጀምራል። ሲለዩ ወዲያውኑ ይነጣጥሏቸው። የተጠራጠሩትን ዓሣ ለብቻው ያስቀምጡ።

ውኃውን ያዘጋጁ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማቸዋል፤ ለአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ሌሊት ማሞቂያ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ማስወገጃ ጠብታ ይጠቀሙ። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ያቆየዋል።

ጫጩቶቹን ይጠብቁ። እናትም አባትም የራሳቸውን ልጆች ይበላሉ። ጥቅጥቅ ያለ ዕፅዋት ወይም የተለየ ገንዳ ያዘጋጁ፤ በጣት የተፈጨ ደረቅ ምግብ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይስጧቸው።

ደብተር ይያዙ። የወላጆቹን ማንነት፣ የተገናኙበትንና የወለዱበትን ቀን፣ የጫጩቶቹን ብዛትና መልክ ይጻፉ። ይህን ሥራ ለልጆች ቢሰጡ ደስ ብሏቸው ይይዙታል። ወንድምና እህትን ለብዙ ትውልድ ደጋግሞ ማገናኘት የጎበጠ አከርካሪና ደካማ ዓሣ ስለሚያመጣ፣ ደብተሩ ከዚህም ይጠብቃል።

የት እንደሚሄዱ አስቀድመው ያስቡ። አንዲት ሴት በየአራት ሳምንቱ 25 ጫጩት ብትወልድ በስድስት ወሊድ 150 ይሆናሉ፤ የሴት ልጆቿን ልጆች ሳንቆጥር። የሚወስዳቸው ሰው ከሌለ ወንዶችንና ሴቶችን ለያይቶ ማኖር ትክክለኛ መፍትሔ ነው።

ሐይቅና ወንዝ ገንዳችን አይደሉም

ዓሣ ሲበዛ «ነፃ እናውጣቸው» የሚል የልጅ ርኅራኄ ይመጣል። ጋፒ ትንኝ እንድታጠፋ ተብላ በብዙ አገሮች ወንዞች ተለቅቃለች፤ በብዙ ቦታም የአገሬውን ዓሣ የምትጋፋ ወራሪ ሆናለች። የእኛው ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው። ጋፒ ከእነርሱ ጋር ባትዋለድም ምግብ መሻማትና በሽታ ይዞ መግባት አለ። የቤት ዓሣ ወደ ወንዝም ወደ ሐይቅም አይለቀቅም፤ ልጆች ይህንን ከወላጅ ቢሰሙት ይበጃል።

የተረፉትን ለዘመድ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሱቅ ሲሰጡ በከረጢቱ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉ፦ «የጋፒና የኤንድለር ዲቃላ፣ ሁለተኛ ትውልድ» ብለው። ወረቀቷ የዓሦቹን ውበት አትቀንስም፤ ተቀባዩም ከንጹሖቹ ጋር እንዳያገናኛቸው ትነግረዋለች። በቅሎዋ የአባቷን ስም መናገር ብታፍርም፣ የእርስዎ ዓሦች አባታቸው ማን እንደሆነ በግልጽ ተጽፎላቸው ከቤትዎ ይውጡ።